ጋቢና ውስጥ ብቻ የሚከፈት ካሴት

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሳሪስ የምሠራበትን የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ዘግቼ ወደ ታክሲ ተራው ስሄድ፣ የወንድሜ ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበር። እንደ ሁልጊዜው ወደ ጋቢናው በር ሄድኩ። ተይዟል።

አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ጋቢናው ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ በሩን ከፍቼ ጠጋ እንድትልልኝ ጠበቅኩ። ወንድሜ ከመሪው በኩል አጎንብሶ አየኝ።

«ጩጬ፣ ዛሬ ከኋላ ሁን።»

«ቦታ አለ እኮ።»

«አለ። ከኋላ ሁን።»

ከኋላ ሆንኩ። መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ሽንኩርት በጆንያ ከያዙ አንዲት እናት ጎን። ያ የመጨረሻው ደህና ቀናችን ነበር። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ጋቢናዬን መነጠቄን ብቻ ነው።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ድርሰት ስጽፍ አስተማሪያችን ሁልጊዜ «ጨምርበት» ይሉኝ ነበር፤ የምጨምረው ግን አይመጣልኝም። አሁንም እንደዚያው ነው። ከካሴቱ ልጀምር።

ካሴቱን ያገኘነው ወንድሜ ሚኒባሷን ከባለንብረቱ ተረክቦ መሥራት የጀመረ ሰሞን ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነበር፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዛገ ብሎን ጋር። ሽፋኑ ላይ ትከሻው የተነፋ ነጭ ኮት የለበሰ ዘፋኝ ከፕላስቲክ አበባ ጎን ቆሟል። ግማሽ ፊቱን ፀሐይ በልታዋለች። የመኪናዋ ቴፕ አሮጌ ስለሆነ ፍላሽ አይቀበልም፤ ካሴት ብቻ። «እስኪ ምን ይላል» ብሎ ከተተው።

ከበሮው ከበሮ አይደለም። አንድ ሰው የኪቦርድ ቁልፍ ተጭኖ፣ ትቶት ምሳውን ሊበላ የሄደ ነው የሚመስለው። ዋሽንት የሚመስል ነገር አለ፤ እሱም ኪቦርድ ነው። ከሚቀበሉት ሴቶች አንዷ ትቀድማለች፣ አንዷ ትዘገያለች። ግጥሙ ደግሞ ይህ ነው፦

በሩን አልዘጋሁም፣ ገፋ አርገሽ ግቢ፤
መብራት አላጠፋም፣ አንቺ ቤት ሳትገቢ።

ይህንኑ ይመላልሰዋል። የመጀመሪያ ቀን በሳቅ ሞትን። በማግስቱ ወንድሜ ራሱ፣ «እስኪ ያን ጉድ ክፈተው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ። የመጨረሻውን ዙር ሲሞላ እኔን ጋቢና ያስቀምጠኛል። ኮዬ ፈጬ ሰዉን ያራግፋል። ረዳቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እዚያው ኮንዶሚኒየም ስለሚኖሩ ይወርዳሉ። ከዚያ እኔና እሱ ባዶ መኪና ይዘን ወደ አቃቂ፣ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ካሴቱ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። መስኮት ተዘግቶ።

ከሰው ፊት አይከፈትም። ሾፌሮቹ «እሱ ሙዚቃ ያውቃል» ይሉት ነበር፤ ያን ስም ማጣት አይፈልግም። አንድ ቀን መኪናው ሙሉ ሆኖ ሬዲዮ ስንሰማ፣ ስለ ድሮ ሙዚቃ የሚያወራ ሰው የእኛን ካሴት አነሳው። «ግቢን ከሳትገቢ ጋር ቤት አስመትቶ ገጣሚ ነኝ ያለ ሰው ነበር» አለ። «ያን ካሴት ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ለጎረቤት እንዳይናገር።» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፤ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብሎ። ግን በጎን በኩል እኔን አየኝ።

ያን አተያዩን አልረሳውም። ወንድሜ የሁሉም ሰው ነበር። የእድሩ ድንኳን ሲተከል የሚጠራው እሱ ነው። የተጣሉ ሾፌሮች ሲታረቁ መሃል የሚቀመጠው እሱ ነው። እናታችን ስለ እሱ ማውራት ከጀመረች እኔ ቤት ውስጥ መኖሬን ትረሳለች። ለእኔ የነበረኝ ያ ባዶ መኪናና ያ ካሴት ነው። ሌላ ሰው የሚሳለቅበት መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር፤ ማንም አይፈልገውማ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ቴፑ አንዴ ተበልቶ፣ በእስክሪብቶ እያዞርን ጠምጥመን መልሰነዋል። እዚያ ቦታ ሲደርስ የዘፋኙ ድምፅ ይጎተታል፣ ከዚያ ለአፍታ ይጠፋል። ወንድሜ ያን ክፍተት በክላክስ ይሞላዋል። ጢጥ ጢጥ። ከዚያ ዘፋኙ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁለታችንም እንስቃለን፣ ሁሌም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቃሊቲን አልፈን ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንቃረብ ወንድሜ ሬዲዮውን ዘጋና ካሴቱን ከተተው። መኪናው ሙሉ ነው።

«ሾፌር፣ ይሄን ከየት ቆፍረህ አወጣኸው?» አለ መሃል ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ።

«ከወንበር ሥር።»

«መልሰህ ቅበረው።»

ሰው ሳቀ። ልጅቷ ከጋቢና ዞር አለች። «ያልተመቸው ወራጅ አለ ይበል» አለች። አሁንም ሳቁ፣ በጎልማሳው ላይ። እሷ ግድም ሳይሰጣት ትዘፍን ጀመር። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች። የትኛዋ ተቀባይ እንደምትቀድም፣ የትኛዋ እንደምትዘገይ ታውቃለች። ይሄ በአንድ ቀን የሚያዝ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ያ የተጎዳው ቦታ ሲደርስ ወንድሜን አየሁት። እጁን አላነሳም። ልጅቷ ክንዷን በፊቱ ዘርግታ ክላክሱን ነካችው። ጢጥ ጢጥ። ሁለቱም ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ ባለ ሽንኩርቷ እናት።

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ።»

«ፊትህ ጠቆረ እኮ። መስኮቱን ልክፈትልህ?»

ኮዬ ፈጬ ላይ ሁሉም ወረዱ። ልጅቷ ስትወርድ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ የዚያ በር ማጠፊያ ልል መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንደሚዘጋው። ረዳቱም ደህና እደሩ ብለው ሄዱ። እኔ ከቦታዬ አልተነሳሁም።

«ና ወደ ፊት» አለ ወንድሜ።

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ተኮራረፍን?»

«ማን አኮረፈ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ወደ መጀመሪያው ላጠንጥነው? እንስማው?»

«ሰማሁት እኮ። ከነክላክሱ።»

ሳቀ። «አንተ፣ ሚስቴ ነህ እንዴ የምትቀናብኝ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለፋሲካ ቤት አመጣታለሁ። እስከዚያ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል። ራሴ ነኝ የማስገባት።»

«እኔ ምን አገባኝ።»

እስከ አቃቂ ድረስ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጣሁ፣ ባዶ መኪና ውስጥ፣ እንደ ተሳፋሪ። የግቢያችን ቆርቆሮ በር እንደ ሁልጊዜው ገርበብ ብሎ ነበር። እናታችን ወንድሜ ካልገባ መቀርቀሪያውን አትነካውም፤ የበረንዳውን መብራትም አታጠፋም። እዚያ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩት። በጣም ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

እሑድ በማለዳ ሲወጣ ተኝቼ ነበር። ሳሪስ ተራው ላይ ወረፋ እየጠበቀ ሳለ መሪው ላይ ተደፋ። ረዳቱ እንቅልፍ የጣለው መስሏቸው፣ ትንሽ ይረፍ ብለው ተዉት። ልቡ ነው አሉን። ከዚያ በላይ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ሾፌር ጓደኛው ሚኒባሷን እየነዳ አምጥቶ ደጃችን አቆማት። «የት እንደማደርሳት ጠፋኝ» አለ፣ እያለቀሰ። ባለንብረቱም ሠልስቱ እስኪወጣ እዚያው ትቁም አሉ። ስለዚህ የእድሩ ድንኳን የተተከለው ከእሷ ጎን ነው። ሲተክሉት ገመዱን የትኛው ችካል ላይ እንደሚያስሩ ተከራከሩ። ያን የሚያውቀው ወንድሜ ነበር።

ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ቴሌቪዥናችን ላይ ነጠላ ተጣለበት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፑል ቤት ስፒከሩን ወደ ውስጥ አስገባ። ባጃጆቹ እንኳ በድንኳኑ ሲያልፉ ቴፓቸውን ይዘጋሉ። እኔ ደግሞ ከነገር ሁሉ ያ ካሴት አማረኝ። ሰው ያለቅሳል፣ የእኔ ጭንቅላት ውስጥ ያ የኪቦርድ ከበሮ ይመታል። ማንጎራጎር እንኳ አልችልም። የሟች ወንድም ነኝ።

ያኔ ነው ስለ እሷ ማሰብ የጀመርኩት። እሷን ማንም አይከለክላትም። ማንም አያውቃትማ። ኮዬ ፈጬ ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ የወደደችውን መክፈት ትችላለች። እኔ ስሙ ያለኝ ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ተከለከልኩ፤ እሷ ምንም ስላልሆነች ተፈቀደላት። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሰው «አይዞህ» እያለ ትከሻዬን ሲነካኝ፣ እኔ የማስበው ይህን ነበር።

የሠልስቱ ዕለት ረፋድ ላይ መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ጋር ናት፤ ሁለቱም ከድንኳኑ ዳር ቆሙ። ማንም ተነስቶ አልተቀበላቸውም፣ ከተሳፋሪዎቹ መሃል ናቸው ተብሎ። ተሳፋሪዎቹ ብዙ መጥተው ነበር።

በሰፈራችን ሙሾ የሚያወጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉ። እንደሳቸው የሚችል ሰው እያነሰ ስለሄደ ከሳሪስ ድረስ እየመጡ ይወስዷቸዋል። እሳቸው ግጥሙን ይላሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ሲደክማቸው ሌላ ሰው በሆዱ ያለውን ይጨምራል። ያን ዕለት ስለ መሪው አወጡ፣ ስለ መንገዱ አወጡ፣ ስለ እናቴ አወጡ። ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸው። ጸጥ አለ።

ልጅቷ ከዳር ሆና ክፍተቱን ሞላችው።

በሩን አልዘጋሁም፣ ገፋ አርገህ ግባ፤
መብራት አላጠፋም፣ አንተ ቤት ሳትገባ።

ዜማውን ጥላዋለች። ዘፈን መሆኑን የሚያሳብቅ ነገር አልነበረውም። ድምፅዋ መሃሉ ላይ ተጎተተ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ቀና አሉ። «ምን አለች? ምን አለች?» ብለው ደረታቸውን መቱና ራሳቸው ደገሙት። ሴቶቹ ተቀበሉ። ደግመው ደግመው አሉት። እናቴ «በሬን፣ ወይኔ በሬን» እያለች ተነሳች፤ ሁለት ሴቶች ያዟት። ሾፌሮቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ያ ሬዲዮ ላይ የተሳቀበት ግጥም ነው። ማንም አልሳቀም።

እኔ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስለ ወንድሜ አንድ ቃል አልወጣኝም። ቢወጣኝ ኖሮ ይሄው ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። እሷ ከኪሴ አውጥታ ለሰው ሁሉ ሰጠችው። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ሰዉ ስለ ወንድሜ መስሎት «ይውጣለት፣ ተዉት» አለ። ግማሹ ቅናት ነበር።

ስንረጋጋ ቀና ብዬ አየሁ። ሄዳለች። አልተቀመጠችም፣ እህልም አልቀመሰችም።

ከሰዓት በኋላ ባለንብረቱ ሚኒባሷን ሊወስዱ መጡ። ቀድሜ ጋቢና ገባሁ። ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ነበር። ቁልፉን ስጫነው ወጣ። አገላብጬ አየሁት፦ እስከ መጀመሪያው ድረስ ተጠንጥኗል። ቅዳሜ ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ነበር የቀረው። ከወረድኩ በኋላ አጠንጥኖታል ማለት ነው። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም። ኪሴ ከተትኩት።

አመሻሽ ላይ ሰው ቀለል ሲል እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ያቺ ልጅ ማን ናት?»

«የቷ?»

«አትቀልድብኝ። በሬን የጠራችው።»

«ተሳፋሪ መሰለችኝ።»

«ተሳፋሪ እንደዚያ አያለቅስም» አለች። የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። «ደጄን ረግጣ የማታውቅ ልጅ፣ በሬን እንደማልዘጋ በምን አወቀች? መብራቴንስ? እሱ ነው የነገራት። ሰው ለማንም የእናቱን በር አያወራም።»

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የዘፈን ግጥም ነው እማዬ፣ ሰው የሚስቅበት አሮጌ ካሴት አለ፣ ከዚያ ነው ያመጣችው። ይህችን ብል ያልቅ ነበር። ልጅቷ ተመልሳ ተሳፋሪ ትሆናለች። ካሴቱም ተመልሶ የእኔ ይሆናል። እናቴ ግን ግጥሙን ቀስ ብላ ለራሷ እያለችው ነበር። ከሞተ ጀምሮ ከንፈሯ ለሌላ ነገር ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ዋጥኩት።

«ታውቃታለህ» አለች፣ ሳታየኝ።

«የምትሳፈርበትን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አምጣልኝ። እንደ እንግዳ ቆማ ሄደች።»

በማግስቱ ጠዋት ወጣቶቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ እኔ ባጃጅ ይዤ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ፤ ከዚያ በሚኒባስ ኮዬ ፈጬ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ አስቤ ነበር። አጣኋት እላለሁ፤ ይታመናል። ደግሞ ወንድሜ «ራሴ ነኝ የማስገባት» ያለው ትዝ ይለኛል። ያም ያናድደኛል፤ ለእኔ ሥራ ትቶልኝ ሄደ።

እዚያ፣ ወደ ሳሪስ በሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ሻሹን አልፈታችም። ስታየኝ ከሰልፉ ወጣች።

«ጩጬ» አለችኝ።

«ስሜ ጩጬ አይደለም።»

«ይቅርታ። በሌላ ስም ሲጠራህ ሰምቼ አላውቅም።» ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገች። «ካሴቱን መጀመሪያ አላሰማ ብሎኝ ነበር። የጩጬ ነው፣ እሱን ሳልጠይቅ አይሆንም ይለኝ ነበር።»

«አልጠየቀኝም» አልኳት።

ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። «እናቴ ትፈልግሻለች» አልኩ።

ሰልፉን ዞራ አየችው። ሳሪስ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምትገባበት ሰዓት ደርሷል። ስልኳን አውጥታ ለአንድ ሰው «ዛሬ አልመጣም» አለች። ምክንያት አልሰጠችም። ከዚያ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመለሰው ሚኒባስ ጋ ሄድን። ጋቢናው ብቻ ነበር የቀረው። እሷ ቀድማ ገብታ ወደ ሾፌሩ ተጠጋች፣ እኔ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል፤ አዲስ ነገር፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው።

«እባክህ ዝጋልን» አለችው። «ሐዘን ላይ ነን።»

«አይ፣ የማን?»

እሷ እኔን አየችኝ።

«የወንድሜ» አልኩ።

ዘጋው። ነፍስ ይማር አለ። እኔ ግን «ነን» ያለችው ላይ ቀርቼ ነበር። ቃሉ ቆረቆረኝ። ማን ሰጣት? ከዚያ ደግሞ አሰብኩ፦ እሷን ሙዚቃ አትስሚ ያላት ሰው የለም። ነጠላ የሚጥልባት ቴሌቪዥን፣ የሚቆጣት ጎረቤት የለም። ራሷ ናት የዘጋችው። ይሄን ሳስብ የቀለለኝ አይምሰላችሁ። እንዲያውም ባሰብኝ። ብቻዬን ሐዘንተኛ መሆን እፈልግ ነበር።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ አቃቂ በባጃጅ ስንሄድ፣ «ካሴቱስ?» አለችኝ።

«አለ።»

ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ በእሷ በኩል። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ማዕዘኑ ጎኔን ይወጋኛል፤ የእሷንም ሳይወጋት አልቀረም። የት እንዳለ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችም።

ደጃችን ስንደርስ ድንኳኑ ተነስቷል። ሚኒባሷ የቆመችበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ቀርቷል። የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ የበረንዳው መብራት በጠራራ ፀሐይ ይበራል። ልጅቷ እኔ እንድቀድም ቆማ ጠበቀች።

«አልተዘጋም» አልኳት። «ገፋ አርጊው።»

ገፋችው። እኔ ከኋላዋ ገባሁ።